ከሰሉን ሳታነሺ

የባለቤቴ አርባ ካለፈ በኋላ ድንኳኑ ተነቅሎ ሄደ። ከዕድር የመጡት ትልልቅ ድስቶች ግን ግቢው ውስጥ እንደተደፉ ሰነበቱ። ባለዕድሮቹ ሳይወስዷቸው ዝናብ ቀደማቸው። በማግስቱ ጠዋት በሩን ስከፍት የራሰ ጥላሸት ሽታ ከነቅዝቃዜው ተቀበለኝና እጄ መቀርቀሪያው ላይ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። መረር ያለ፣ ያረረ እህል የሚመስል ሽታ ነው። ሌላ ሰው ቢሸተው «እነዚህ ድስቶች ይታጠቡ እንጂ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን የምን ሽታ እንደሆነ ወዲያው አወቅሁት። የመሪጌታ ፈንቴ ቀለም ነው።

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ልጆቼ ፈርተዋል፤ ሐኪም ዘንድ ካልወሰድንሽ እያሉ ይጨቀጭቁኛል። «ይህን እጅ አውቀዋለሁ፤ አሁን የመጣ እንግዳ አይደለም» ብዬ መለስሁላቸው። እውነቴን ነው። በልጅነቴም አንድ ጊዜ እንዲሁ አድርጎኝ ነበር። የዚያን ጊዜውን ልጽፍ ተቀምጫለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። አንድ ገጽ ለመሙላት አንድ ረፋድ ይሄዳል። መሀል ላይ «ምሳ አልደረሰም እንዴ?» ብሎ የሚያቋርጠኝ ሰው ደግሞ አሁን የለም።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ፍኖተ ሰላም ያን ጊዜ ትንሽ ከተማ ነበረች፤ አውቶቡስ ሲቆም የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሮጦ ወርዶ ማን እንደመጣ ያይ ነበር። አባቴ ከገጠር በርበሬና በቆሎ እየሰበሰበ ቡሬ ወስዶ ይሸጣል። ስሜ ይታይሽ ነው፤ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። ከእኔ ቀጥሎ ማሩ ነበር፤ ገና አፉን መፍታቱ፣ ያገኘውን ሁሉ እየጎተተ ወደ ደጅ የሚያወጣ ልጅ።

ማሩን ኩፍኝ ወሰደው። እናቴ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ «እጁን ያዢልኝ» ብላኝ ነበርና፣ ሲያርፍ እጁ እጄ ውስጥ ነበር። ጣቶቼን አንድ በአንድ ያላቀቁልኝ ጎረቤቶች ናቸው። ከቀብር መልስ ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ውኃ ስቀዳ ይፈሳል፤ ክር በመርፌ ማስገባት አቃተኝ፤ ሰው ሰላም ስል እጄን ከነጠላዬ ሥር እደብቃለሁ።

ሰው ሁሉ የመሰለውን ተናገረ። አንዷ ቡዳ ነው አለች፤ ሌላዋ ብርድ ነው አለች። ጠበል ወሰዱኝ። የጤና ጣቢያው ድሬሰርም እጄን ገለበጠ፣ አገላበጠና «አጥንቷ ደኅና ነው» ብሎ የቁስል ቅባት ሰጠን። እናቴ ቅባቱን ጭነት ላቆሰለው ለበቅሏችን ጀርባ አዋለችው። በቅሎዋ ዳነች።

እኔ ግን ምክንያቱን አውቀው ነበር። ማሩ እጄን አልለቀቀም። ጎረቤቶቹ ያላቀቁት የሚታየውን እጁን ነው፤ የማይታየው አሁንም ይዞ ይጎትተኛል። ሕፃን ሲጎትት ደግሞ ዕረፍት የለውም። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ከተናገርሁት እሱንም እንደ ጎረቤቶቹ መጥተው የሚያላቅቁት መሰለኝ።

በዚያ ዓመት አራተኛ ክፍል ነበርሁ። አራተኛ ክፍል ሲገባ እርሳስ ይቀርና ብዕር ቢልቃጥ ውስጥ እየነከሩ በቀለም መጻፍ ይጀመራል። በእርሳስ የተንቀጠቀጠ ፊደል እንደምንም ይነበባል፤ ቀለም ግን ምሕረት የለውም። ደብተሬ የቁራ መንጋ ያረፈበት ማሳ መሰለ። መምህራችን ክፉ ሰው አልነበሩም። አባቴን አስጠርተው እኔ ባለሁበት፦

«ልጅቱ ትምህርቱን ታውቃለች፤ ስጠይቃት አሳምራ ትመልሳለች። የሰኔው ፈተና ግን በጽሑፍ ነው። ማንበብ ያልቻልሁትን ማረም አልችልም» አሉት።

አባቴ ቤት ሲደርስ ለእናቴ፦ «እስከ ሰኔ እናያለን። ሰኔ ላይ ከወደቀች ፈረስ ቤት እኅቴ ዘንድ ትሂድ። እሷም ልጅ የላትም፤ ታግዛታለች። እዚህ ተቀምጣ ደብተር ብታበላሽ ምን ይረባታል?» አላት።

እናቴ አልተከራከረችም። ከማሩ ወዲህ ክርክር ትታ ነበር። እኔ ፈረስ ቤት የሚባለውን አገር አይቼው ስለማላውቅ፣ ሰውና ፈረስ አብረው የሚያድሩበት ረጅም ጋጣ አድርጌ አስበው ነበር። አክስቴ ከግርግሙ አጠገብ መኝታዬን አንጥፋ ስትጠብቀኝ ይታየኛል። ፈረሶቹን አልፈራሁም። የፈራሁት፣ የአክስቴ ቤት ትምህርት ቤት ከሚባል ነገር ርቆ ገጠር መሆኑን ስለሰማሁ ነው። ፊደል ከቆጠርሁ ወዲህ ቀኔ ያለ ትምህርት ቤት ምን እንደሚመስል ማሰብ አልችልም ነበር።

መሪጌታ ፈንቴ የመጡት ከፋሲካ በኋላ ነው። የእናቴ አጎት ናቸው፤ አገራቸው ወደ ቡሬ በኩል ነው። የእኛ ደብር አዲስ የብራና መጽሐፍ አስጽፎ ነበርና፣ በየምዕራፉ ራስ ላይ የሚወጣውን ሐረግ፣ ያን እርስ በርሱ እየተጠላለፈ የሚሄደውን ጌጥ፣ እንዲሠሩ ተጠርተው ነው። ከጓሯችን ያለችው የእህል ጎጆ ተጠርጋ ማደሪያቸው ሆነች።

መጀመሪያ የሠሩት ቀለሙን ነው። ከየቤቱ ድስት እየለመኑ ቂጡን እየፋቁ ጥላሸት ሰበሰቡ፤ ገብስ አሳርረው ወቀጡ፤ ቅጠል ጨመቁበት፤ ሁሉንም ቅል ውስጥ በውኃ ዘፍዝፈው ፀሐይ ላይ አኖሩት። ከጥቂት ቀን በኋላ ግቢው ሸተተ። እናቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ መጣች።

«አጎቴ፣ ይህ ቀለም ነው ወይስ የሞተ አይጥ?»

«ገና ሕፃን ነዋ፤ ሕፃን አይሸትም እንዴ? ሲያድግ ይተዋል» አሉ።

እናቴ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ያን ጊዜ መስማቴ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን እጃቸው ነው። ጠላ ሲሰጣቸው ዋንጫው እጃቸው ላይ ይርገፈገፋል፤ ግማሹ ነጠላቸው ላይ ይቀራል። ከእኔ ሌላ እንዲህ የሚሆን ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። «እሳቸውንስ ማን ይሆን የሚጎትታቸው?» ብዬ አሰብሁ። በኋላ ብራናውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው መቃ ብዕራቸውን ሲያነሡ አየሁ። እጃቸው በአየር ላይ እንደ ቅጠል ይርገበገባል። ብዕሩ ብራናውን ሲነካ ግን ቀጥ አለ። መስመሩ እንደ ጠራ ውኃ ፈሰሰ።

ነገሩ የገባኝ መሰለኝ፦ መድኃኒቱ ብራናው ነው! ብራና የፍየል ቆዳ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ወጥቼ ከአጥር ሥር የታሰረችውን ፍየላችንን ጀርባዋን በቀኝ እጄ ይዤ ቆምሁ። ፍየሏም እኔም አብረን ተንቀጠቀጥን።

«ምን እያደረግሽ ነው ልጄ?» አሉ መሪጌታ ከጎጆዋ በር።

«እጄ እንደ አባባ እንዲቆም ነው።»

አልሳቁም። ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ይንቀጠቀጣል። «የኔም አልቆመም፤ ተመልከቺ። ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፤ ሲነካ ያርፋል። እጅ እንደ ወፍ ነው። በአየር ላይ ሳለ ክንፉን ከማርገብገብ ሌላ ምን ያደርጋል? የሚያርፍበት ስጪው።»

ከምድጃ አንድ የከሰል ቁራጭ አመጡልኝ። ከጎጆዋ ደጃፍ እንደ አልጋ የሰፋ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እናቴ እህል የምታሰጣበት። እዚያ ላይ አስቀመጡኝ።

«መስመር አስምሪ።»

«ምን ዓይነት?»

«ትንፋሽሽ ሲወጣ መስመሩም ይውጣ። ትንፋሽሽ ሲያልቅ አቁሚ። አጠረ፣ ረዘመ፣ ጠመመ አትበይ።»

ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ የምሠራው ይኸው ሆነ። መስመሮቼ መጀመሪያ የዝንብ እግር ይመስሉ ነበር። ድንጋዩ ሲሞላ መሪጌታ በውኃ ያጥቡታል። እኔ አዘንሁ። «አይቀመጥም እንዴ አባባ?» ስላቸው «ገበሬ ያረሰውን አፈር ቤቱ ይዞ ይገባል?» አሉኝ።

ከመስመሩ ቀጥሎ ክብ መጣ። የእንስራ አፍ የሚያህል ክብ፣ በላዩ ላይ ሌላ፣ በላዩ ላይ ሌላ፣ ከሰሉን ሳላነሣ፣ እስኪሰለቸኝ፤ ከሰለቸኝ በኋላም። ከመሰልቸት ወዲያ ማዶ ሌላ አገር እንዳለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ትከሻዬ ሳላዘው ይወርዳል። ጥርሴን ነክሼ እንደነበር የማውቀው ሲላቀቅ ነው። ጆሮዬ የንቡን ድምፅና የጎረቤት ሙቀጫ ለይቶ ይሰማል፤ የማሩን ማቃሰት ግን አይሰማም።

አንድ ቀን ደግሞ ከግራዋው ሥር አስቀመጡኝና «ቅጠሉን አትሳዪ፤ በቅጠሎቹ መካከል ያለውን ሰማይ ሳዪ» አሉኝ። አልገባኝም። ሰማይ ነው ብዬ ከላይ አንድ ትልቅ ክዳን ሳልሁ። «እሱ የድስት ክዳን ነው» አሉኝ። አፍጥጬ፣ አፍጥጬ ከቆየሁ በኋላ ድንገት በቅጠሎቹ መካከል ዓሣ አየሁ፤ ከሰማይ የተሠራ ዓሣ። ከጎኑ ደግሞ ጫማ። ጮኼ ተነሣሁ። ዛፉ ዕድሜዬን ሙሉ እዚያው ነበር፤ ዓሣውን ግን አሳይቶኝ አያውቅም።

የተበላሸ ቀለም ሲተርፋቸው ድንጋዩ ላይ ጠብ አድርገው «ይህ ማን ነው?» ይሉኛል። ጅብ ነው እላለሁ፤ ጥቂት እግር እጨምርለታለሁ። የቄስ ጥላ ነው። የመምህራችን አፍንጫ ነው። በዚህኛው ብዙ ሳቅን። ከዚያ ግን «ደብተርሽ ላይ ጠብታ ሲወድቅ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ።

«አለቅሳለሁ።»

«ጠብታ እንግዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ ማን ነህ ይሉታል እንጂ አይለቀስበትም።»

የመጨረሻው ሥራ ዋነኛው ነበር። መሪጌታ ሐረግ ከመጀመራቸው በፊት ብራናውን በወስፌ ጫፍ ይነጥቡታል፤ መስመሩ በነጥቦቹ መካከል እየዞረ ይሄዳል። ለእኔ በወስፌው ፋንታ የበቆሎ ፍሬ ድንጋዩ ላይ ይበትኑልኛል። ሕጉ ይህ ነው፦ በሁሉም መካከል እለፊ፤ አንዱንም አትንኪ፤ ወደተነሣሽበት ተመለሺ፤ ከሰሉን ሳታነሺ።

«ብሳሳትስ?»

«መስመር አይሳሳትም፤ ይዞራል። አንቺ ብቻ አታንሺው።»

ቀይ ቀለም አለቀባቸውና አንድ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ቡሬ ሄድን። በርበሬ በጫነ መኪና ላይ ነው የተሳፈርነው፤ እስክንደርስ ሦስታችንም በየተራ እያነጠስን ነበር። ቡሬ ገበያ ውስጥ ጨርቅና ቀለም የሚሸጡ አንድ ሐጂ ነበሩ። ቀዩን ዱቄት ከወረቀት ፈትተው ሲያሳዩን ትንፋሻቸውን ያዙ፤ እኔም ያዝሁ።

«መሪጌታ፣ አንቱና እኔ አንድ ነን» አሉ ሐጂ እየመዘኑ፤ «ቀይ ካልገባበት የኔም ጨርቅ የአንቱም መጽሐፍ አይሸጥም።»

«የኔውስ አይሸጥም ሐጂ፤ ይነበባል እንጂ» አሉ መሪጌታ።

«ኧረ ዋጋው ጨመረ በሉኛ!» ብለው ሐጂ ሳቁ፤ ከላይ ትንሽ ቆንጥረውም መረቁልን።

አባቴ ሒሳቡን እስኪጨርስ ከዋርካው ጥላ ሥር ተቀመጥን። እጄ ከነጠላዬ ሥር ይንቀጠቀጣል። ለምን ያን ቀን እንደሆነ አላውቅም፤ ነገርኋቸው።

«አባባ፣ ወንድሜ ነው የሚጎትተኝ።»

ዞር ብለው አዩኝ። አሁን ተመልሰው ጠበል ሊወስዱኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ወዴት ነው የሚጎትትሽ?» አሉኝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። አሰብሁበት። «እንጃ። ወዲያም ወዲህም ነው።»

«መንገዱን ስለማያውቀው ነዋ። ሕፃን አይደል? አንቺ ትልቋ ነሽ። አትታገዪው፤ አታባርሪው፤ ይዘሽው ሂጂ። መንገድ ካሳየሽው ይከተላል።»

ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ጎረቤታችን እትዬ አንጓች ቤቷን መረገች። ወደ እኛ ግቢ የሚዞረው ግድግዳዋ ጭቃው በጭድ ተቦክቶ፣ ከላይ በእበት ተለቅልቆ፣ እንደ አዲስ ብራና ተወጥሮ ታየኝ። ከጭቃው ውስጥ የጭዱ ጫፎች ብቅ ብቅ ብለዋል። ለሌላ ሰው ጭድ ነው፤ ለእኔ የበቆሎ ፍሬ ነው፤ ነጥብ ነው። ከሰሌን ይዤ ከታች ጥግ ጀመርሁ። ሐረጉ በየጭዱ እየዞረ ወጣ። መሀሉ ላይ፣ በመጽሐፉ ላይ እንዳየሁት የመልአክ ዓይን፣ አንድ ትልቅ ዓይን ሳልሁበት። ከሰሉን ያነሣሁት ስጨርስ ነው። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ከደስታዬ ብዛት ግድግዳው የሰው መሆኑንም ረስቼዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት በእሪታ ተነሣን።

«ኧረ የሰው ያለህ! አስደገሙብኝ!»

የእትዬ አንጓች ታቃፊ ዶሮ እንቁላሏን ትታ ተነሥታ ነበር። ምክንያቱን ስትፈልግ ግድግዳዋ ላይ ዓይኑን አየችው። በእኛ አገር ለበሽተኛ ክታብ የሚጽፍ ደብተራ ብራናው ላይ የተጠላለፈ መስመርና ዓይን እንደሚስል ልጅ አዋቂው ያውቃል። ሐረግ በመጽሐፍ ላይ ሲሆን ጌጥ ነው፤ በሰው ግድግዳ ላይ ሌሊቱን የበቀለ ሲመስል ግን ሌላ ነው።

«ደብተራ ቤታችሁ አስገብታችሁ ዶሮዬን አስነሣችሁብኝ!»

እናቴ ከማሩ ወዲህ ትታው የነበረው ምላሷ ተመለሰ። «ዶሮሽ የተነሣችው ቁንጫ በልቷት ነው! ጎጆዋን ጠራርጊላት!»

«ቁንጫ ዓይን ይስላል?»

እኔ ነኝ ብዬ ወጣሁ፤ የሰማኝ የለም። ወይም የሰሙኝ፣ አዛውንቱ ልጅቷን በእጅ አዙር አሠሯት ብለው ነው። ወሬው በዚያው ቀን ገበያ ደረሰ። አባቴ ነጋዴ ነው፤ የሚኖረው በሰው አመኔታ ነው። ማታ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ሥዕሉ ይቅር አለ። መሪጌታም ሥራቸው እስኪያልቅ ደብሩ ዘንድ ይደሩ አለ። ከሰሌን አንሥቶ ከአጥር ወዲያ ወረወረው። ትምህርት ቤት ስሄድ እጄ እንደገና ዓመፀ፤ ደብተሬ ላይ ቁራዎቹ ተመልሰው ሰፈሩ። ሰኔ ደግሞ ገብቶ ነበር። ፈረስ ቤት ያለው ጋጣ በሩን ከፍቶ ሲጠብቀኝ ይታየኝ ነበር።

መሪጌታ ግን ዕቃቸውን አልሸከፉም። «ስሜ ተነሥቶ ዝም ብዬ አልወጣም፤ ሽማግሌ ይቀመጥ» አሉ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሰፈሩ ሽማግሎች እኛ ግቢ ከግራዋው ሥር ተቀመጡ። እትዬ አንጓች ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች።

«ያሰሩትን ይፍቱልኝ። ሌላ አልጠይቅም።»

«ያሰርሁት የለም፤ እፈታለሁ ብል ውሸታም እሆናለሁ» አሉ መሪጌታ። «የሳለችው እጅ ይችውና። እናንተው ፊት ትሳል። ድግምት ከሆነ ታዩታላችሁ።»

አባቴ ብድግ አለ። «መሪጌታ፣ እባክዎ። እጇ ይንቀጠቀጣል። በሰው ፊት አያዋርዷት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ውርደቱን የፈራልኝ አባቴ ነው፤ እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። ያን ቀን ከሰሉን ካልያዝሁ፣ ዳግመኛ እንደማልይዘው አውቄ ነበር።

«እስላለሁ» አልሁ።

«ነጥቡን ማን ያኑር?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ከሳሿ ታኑር» አሉ መሪጌታ። «እኔ አልነካውም።»

እናቴ በቆሎ በእፍኟ አምጥታ ለእትዬ አንጓች ሰጠቻት። እትዬ አንጓች ፍሬውን በቁጣ ድንጋዩ ላይ በተነችው፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ተጣብቀው። እንዲህ ያለ ክፉ አበታተን አጋጥሞኝ አያውቅም።

ተንበረከክሁ። ከሰሉ ገና ድንጋዩን ሳይነካ እጄ ተርገፈገፈ። «እዩት ሲያንዘፈዝፋት» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። መስመሩ ሲጀመር እንደ ተቆራረጠ ክር ሆነ። ማሩ ይጎትተኛል፤ ወዲያም ወዲህም። ትንፋሼን አወጣሁ። «ና፤ በዚህ በኩል ነው» አልሁት በልቤ። ይዤው ሄድሁ። በመጀመሪያው ፍሬ ዞርን። በሁለተኛው ዞርን። ክሩ መስመር ሆነ።

ግማሽ ላይ ስደርስ ከአጥሩ ሥር አንዲት ዶሮ ሾልካ ገባች። በቆሎ አይታ ማን ይከለክላታል? ድንጋዩ ላይ ወጣችና ፊት ለፊቴ ያሉትን ፍሬዎች ትለቅማቸው ጀመር። ሰዉ ተንጫጫ። «ተዉአት!» አሉ መሪጌታ። ነጥቦቼ በፊቴ አንድ በአንድ ጠፉ። ከሰሉን ግን አላነሣሁም። ፍሬው ከሌለ እግሯ አለ። መስመሩን በዶሮዋ እግር ዙሪያ አዞርሁት፤ በአንደኛው፣ ከዚያም በሌላኛው። እሷ አንዴ ዝቅ ብላ ጣቴን አየችና ወደ በቆሎዋ ተመለሰች። ሐረጉ ተጠላልፎ፣ ዞሮ፣ ከተነሣበት ገጠመ። ያን ጊዜ ከሰሉን አነሣሁ።

 መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንጓች፣ ይህች ዶሮ የማን ናት?»

እትዬ አንጓች አፏን በነጠላዋ ያዘች። «የኔው ናት።»

«የተደገመባት?»

«እሷው ናት።»

ከሽማግሎቹ አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ድግምቱ እንዲህ ሆድ የሚከፍት ከሆነ ለእኔም ቤት ይደገምልኝ! ምራቴ እህል አልበላ ብላለች።» ግቢው በሳቅ ተናወጠ። እትዬ አንጓችም ከነጠላዋ ሥር ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

«በሉ እሺ» አለች በመጨረሻ። «ዓይኑ ግን ይጥፋልኝ። ውኃ ልደፋ በወጣሁ ቁጥር ያየኛል።»

እኔው ራሴ ሄጄ ዓይኑን አደይ አበባ አደረግሁት። አጠገቤ ቆማ ስታይ ቆየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሐረጉን ወደ በሬ በኩል ብትቀጥይው ምን አለበት?» አለችኝ።

አባቴን ሰዉ ሲበተን ምድጃው ዘንድ ጎንበስ ብሎ አመዱን ሲዳስስ አየሁት። ረዘም ያለ፣ ያልተሰነጠቀ ከሰል መርጦ ወጣና ድንጋዩ ላይ አኑሮልኝ ወደ በቅሎው ሄደ።

የፈተናው ቀን ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ስለሚወርድ መምህራችን ጥያቄውን እየጮኹ ነው ያነበቡት። ብዕሬን ነክሬ ሳነሣ፣ ገና የመጀመሪያውን መስመር ሳልጀምር፣ አንድ ትልቅ ጠብታ ወረቀቱ መሀል ወደቀ። ዐየሁት። «ማን ነህ?» አልሁት። የበቆሎ ፍሬ ነው። ትንፋሼን አውጥቼ መጻፍ ጀመርሁ፤ እሱ ጋ ስደርስ ቃሉን በጎኑ አሳልፌ ከማዶ ቀጠልሁ። አንዱም ፊደል አልነካውም።

መምህራችን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ረጅም ጊዜ አዩት። ጠብታው ዘንድ ሲደርሱ ቅንድባቸው ተነሣ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁና አንድ ቃል ተናገሩ።

«ይነበባል።»

በዝናቡ ውስጥ ሮጬ ቤት ገባሁ። አባቴ ጆንያ እየሰፋ ነበር፤ ቀና ብሎ «ምን አሉ?» አለኝ።

«ይነበባል አሉ።»

መርፌውን ጆንያው ላይ ሰካና እናቴን ጠራት። ፈረስ ቤት ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ አልተነሣም።

መሪጌታ ፈንቴ ወንዞቹ ሳይሞሉ ወደ አገራቸው ተመለሱ። እስከ መኪናው እጃቸውን ይዤ ሸኘኋቸው። እጃቸው እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ የእኔ አይንቀጠቀጥም። ከመጡ ጀምሮ ልጠይቃቸው ፈልጌ ያልጠየቅኋቸውን ጠየቅሁ።

«አባባ፣ አንቱንስ ማን ነው የሚጎትትዎ?»

«ብዙ ናቸው ልጄ» አሉኝ እየሳቁ፤ «ተራ ጠብቀው ነው።»

ድስቶቹን ባለዕድሮቹ መጥተው ወሰዷቸው። ከመውሰዳቸው በፊት ከአንዱ ቂጥ ጥቂት ጥላሸት በጣቴ ፋቅ አድርጌ አሸተትሁ። ከዚያ ከምድጃዬ ከሰል አመጣሁ። ከደጃፌ ያለው ሲሚንቶ ላይ በቆሎ በትኜ ተቀመጥሁ። የልጅ ልጆቼ እማማ ምን ሆነች ብለው በመስኮት ያዩኛል፤ ይዩኝ።

ባለቤቴ ሲራመድ ፈጣን ነበር። ዕድሜ ልኩን ከፊቴ ይቀድምና ዞር ብሎ «ነይ እንጂ!» ይለኝ ነበር። አሁን የሚጎትተኝ እሱ ነው። «ወዴት ነው?» አልሁት። እንደ ማሩ እሱም መንገዱን አያውቀውም፤ አገሩ አዲስ ሆኖበታል። «እንግዲያው ቀስ በል፤ በዚህ በኩል ነው» አልሁትና ትንፋሼን አውጥቼ ከሰሉን አሳረፍሁ።

በየቀኑ ረፋድ ላይ እንዲሁ እናደርጋለን። ከዚያ እስክሪብቶዬን አነሣለሁ። ይህንን ሁሉ የጻፍነው አብረን ነው። እዚህም እዚያም ተንቀጥቅጧል። ይነበባል።